ኮሮላ 2004 ሲሞቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ኮዱ ፒ0335 ነው፣ ሴንሰሩ ተቀይሮም ያው ነው

ሰሚት_ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ኮሮላ 2004 ናት፣ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ፣ ከዱባይ የገባች። ጠዋት ከቤት ስነሳ ምንም አትልም። መጨናነቅ ውስጥ ገብታ በደንብ ስትሞቅ ግን ድንገት ድርግም ብላ ትጠፋለች። መንተፋተፍ የለ፣ ጉልበት ማነስ የለ፣ ቁልፉን ራሴ ያጠፋሁት ነው የሚመስለው። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ኮፈኑን ከፍቼ ትንሽ ሳቀዘቅዛት ትነሳለች።

የቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቷል። ጋራዥ ወስጄ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0335 ነው፣ የክራንክ ሴንሰር ነው ተባልኩ። ተቀየረ። ያው ናት። «የገጠምነው ኮፒ ስለሆነ ነው፣ ኦርጅናል አምጪ» አሉኝ፣ ኦርጅናል ተገዝቶ ገባ። አሁንም ያው። አሁን ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ እሱ ይቀየር እያሉኝ ነው። ዋጋውን ስሰማ ክው አልኩ። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። ልጆች ይዤ ነው የምነዳው፣ ቀለበት መንገድ ላይ እንዲህ ስትጠፋብኝ ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ያስፈራኛል።

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ

ሁለተኛው ሴንሰር በእርግጥ ኦርጅናል ነው? ካርቶኑ ኦርጅናል ሆኖ ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ ስንት አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ሻጭ ነኝ፣ ሴንሰር ብትገዢኝ ደስ ይለኛል። ሆኖም አሮጌው፣ ኮፒውና ኦርጅናሉ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳዩ ጥፋቱ ሴንሰሩ ጋ አይደለም። ሦስት ዕቃ ተመካክሮ በአንድ ዓይነት መንገድ አይበላሽም።

ሽቦ_ፈታሽ

እህቴ፣ ኮምፒውተሩን አትግዢ። ቢያንስ ገና ነው።

ከዲኤክስ ኮሮላ ዘመን ጀምሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ነው የኖርኩት፣ በዚህ ኮድ የተነሳ ሰው ሲከስር ማየት በጣም ነው የሚያናድደኝ። ፒ0335 ሴንሰሩ ሞቷል አይልም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ከክራንክ፣ ማለት ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ መምጣት የነበረበት ምልክት እንዳልመጣ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ይሙት፣ ሽቦው ይበጠስ፣ ሶኬቱ ውስጥ ፒን ይላላ፣ እሱ አያይም። ከሴንሰሩ ጫፍ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ነው የሚከሰው። ጋራዡ ግን የመንገዱን አንድ ጫፍ ቀየረ፣ አልሆነም፣ አሁን ሌላውን ጫፍ ሊቀይር ነው። መሃሉን ማንም አላየውም።

ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ ካወቅሽ ፍተሻው ቀላል ነው። ውስጡ ማግኔትና የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም። ሁለት ሽቦ ብቻ ይወጡለታል፣ ከባትሪ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ክራንኩ ላይ ባለ ጥርስ ክብ ብረት አለ፣ ለ36 ጥርስ ቦታ ተከፋፍሎ ሁለቱ ተትተው 34 ጥርስ ነው ያለው። እያንዳንዱ ጥርስ በሴንሰሩ ፊት ሲያልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፣ በተተዉት ሁለት ጥርሶች ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ ክራንኩ የት እንደደረሰ ያውቃል። ያ ምልክት ከጠፋ ካንዴላም አይተኩስም፣ ኢንጄክተርም አይረጭም። ድርግም የምትለው ለዚህ ነው። ሞገዱ ደግሞ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ነው የሚያድገው፤ ሞተሩ ሲሮጥ ትልቅ ነው፣ ሞተሪኖ ብቻ ሲያዞረው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሶኬት ላይ ያለ ትንሽ ዝገት ስትነጂ ላይታወቅሽ ይችላልና ስታስነሺ ይይዝሻል።

አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። ቴስተር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይዘሽ፣ መኪናዋ ሞቃ እምቢ ባለች ሰዓት ይለካ። ቀዝቅዛ ደህና በሆነችበት ሰዓት መለካት ጊዜ ማባከን ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነሳ። የሴንሰሩ ሶኬት ይነቀልና ሁለቱ ፒኖች መሃል በኦም ይለካ። የዚህ ሞተር ሴንሰር ቀዝቃዛ ሆኖ ከ1630 እስከ 2740 ኦም ነው። ሲሞቅ ከፍ ስለሚል 3000ን ቢያልፍ አትደንግጡ። ከዚያ ሶኬቱ ተመልሶ ይሰካና ወደ ኮምፒውተሩ ይኬድ፣ ከጋቢናው መሳቢያ ኋላ ነው ያለው። የኮምፒውተሩ ሶኬት ይነቀል፣ የነዚያው ሁለት ሽቦዎች ጫፍ እዚያ ይለካ። ቁጥሩ ሴንሰሩ ላይ ካገኛችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት። ሴንሰሩ ላይ 2500 ሆኖ ኮምፒውተሩ ጋ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሷል፣ አለቀ። ሁለቱ ቦታ አንድ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ፒን ከሞተሩ ብረት ጋር ለኩት። ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ካለ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቷል።

ስትለኩ አንድ ሰው የሽቦውን ጥቅል ከሴንሰሩ ጀምሮ እየጎተተና እያወዛወዘ ይምጣ፣ ሌላው ዓይኑን ከቴስተሩ አይንቀል። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ።

ጥቁር_ዘይት

ጋሼ፣ በክብር ነው የምጠይቀው፣ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ነገር እኮ ሴንሰር ነው። ውስጡ ያለው ጥምጥም ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ጋራዥ ውስጥ የተማርነው ይህንን ነው። ሽቦ ሙቀትና ብርድን በምን ያውቃል?

ሽቦ_ፈታሽ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የተማርከውም ልክ ነው። የመጀመሪያው ሴንሰር ላይ ብትለኝ አልከራከርህም ነበር፣ እኔም ሴንሰሩን ነው አስቀድሜ የምጠረጥረው።

ሽቦም ግን ሙቀት ያውቃል። ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ብቻ ሲበጠስ ሁለቱ ጫፎች ላስቲኩ ውስጥ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ቀዝቃዛ ሲሆን ላስቲኩ ጠንከር ብሎ አጣብቆ ይይዛቸዋል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ጫፎቹ በፀጉር ያህል ይራራቃሉ፣ በቃ። መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ በሚኒሞ ነው ያለው፣ ኤሲው ሲነሳ ይርገፈገፋል። ለዚህ ነው እምቢ ባለች ሰዓት ይለካ ያልኩት። ያን ጊዜ ቴስተሩ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይፈርዳል፣ እኔና አንተ መከራከር አያስፈልገንም።

ቨርጂኒያ_ሹፌር

ከዚህ ከአሜሪካ ልጨምር። የኮሮላ ኮምፒውተር ይበላሻል የሚለው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል ያሉ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለዚህ ጉዳይ ለጥገና መልሶ ጠርቷል፣ አሜሪካና ካናዳ ላይ ወደ 1.13 ሚሊዮን መኪና። ኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ያለው ብየዳ ስለሚሰነጠቅ ሞተሩ እየሄደ ሊጠፋ ወይም አልነሳም ሊል ይችላል ተብሎ። ስለዚህ ጋራዡ የሆነ ቦታ ሰምቶት ይሆናል። ያንቺ ግን 2004 ስለሆነ በዚያ ጥሪ ውስጥ የለም። የ2005 እና ከዚያ በኋላ ያላችሁ ሰዎች ግን ይህን አትርሱ፣ በተለይ ከአሜሪካ የገባ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምሩ።

ሌላ አንድ ነገር። እየነዳሽ ስትጠፋ የዙር መቁጠሪያውን እጅ አይተሽዋል? ማርሽ ውስጥ እያለች ጎማው ሞተሩን ማዞሩን ይቀጥላል። ሞተሩ እየዞረ እጁ በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ የክራንክ ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው። ከፍጥነቷ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ነዳጅ በኩል ተመልከቱ፣ ፓምፑን፣ ሪሌውን።

ሰሚት_ኮሮላ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። አዎ፣ እጁ ዜሮ ነው የሚሆነው፣ መኪናዋ ገና በማርሽ እየተንሸራተተች እያለ። እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፣ ስትጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ቀድቼዋለሁ፣ ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሺያን ጋ ይዤው እሄዳለሁ።

ሽቦ_ፈታሽ

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ሽቦ በመርፌ እየወጋ እንዲለካ አትፍቀጂ። የተወጋው ቀዳዳ አይታይም፣ ክረምት ሲመጣ ግን ውኃ በዚያ ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል። የተሰካ ሶኬት ላይ መለካት ካስፈለገ ከኋላው፣ ሽቦው ከሚገባበት በኩል፣ ቀጭን መርፌ ቁልፍ ከጎማው ጎን ቀስ ብሎ ይግባ። ሁለተኛ፣ አምፖል የተገጠመለትን የድሮውን መፈተሻ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄዱ የሴንሰር ሽቦዎች ላይ እንዳያስጠጋ። አምፖሉ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ደህናውን ኮምፒውተር ያቃጥልብሻል። ያን ጊዜ በእውነት ኮምፒውተር መግዛትሽ ነው።

ያሪስ_ኮተቤ

ይቅርታ ውይይታችሁ ውስጥ ገብቼ የራሴን ልጠይቅ፣ የሽቦ ነገር ስለሆነ ነው። ያሪስ 2003፣ ከአውሮፓ የገባ። ጠዋት ብርድ ሲሆን ለመነሳት ያለቅሳል፣ ከሞቀ በኋላ ደህና ነው። በስልኬ የማየው ትንሽ የኦቢዲ መሣሪያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ገዝቼ ሳየው የሞተር ውኃ ሙቀት ሲቀነስ 40 ይላል። ሞተሩ ሞቆ እጅ አያስነካም፣ እሱ ሲቀነስ 40 ላይ ነው። ሴንሰር ልግዛ?

ሽቦ_ፈታሽ

ወንድሜ፣ ያ ቁጥር ራሱ ብዙ ነገር ይነግርሃል። አዲስ አበባ ቀርቶ ዳሸን ተራራ ላይም ሲቀነስ 40 የለም። ኮምፒውተሩ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው የሚያነበው ቁጥር ነው። ሽቦው በተቃራኒው እርስ በርሱ ወይም ብረት ነክቶ ቢሆን ኖሮ 140 ነበር የሚያሳይህ። ኮምፒውተሩ ይህን ንባብ ስለማያምነው ሞተሩን 80 ዲግሪ ነው ብሎ ገምቶ ነው የሚያሠራው። ስለዚህ ጠዋት ለቀዝቃዛ ሞተር የሚገባውን ተጨማሪ ቤንዚን አይሰጥም። ልቅሶው ከዚያ ነው።

ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ነፃ ፍተሻ አለ። የውኃውን ሙቀት ሴንሰር ሶኬት ንቀል፣ ሁለት ፒን ነው ያለው። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። ከሽቦው በኩል በመጣው ሶኬት ውስጥ ሁለቱን ፒኖች በአንዲት ቁራጭ ሽቦ አገናኛቸው። ስልክህ ላይ ያለው ቁጥር ወደ 140 ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፣ ሴንሰሩን ወይም የሶኬቱን ፒን ጠርጥር። አሁንም ሲቀነስ 40 ካለ ሴንሰር ብትገዛ ዋጋ የለውም፣ ሽቦው ነው። ሴንሰሩን ራሱን ደግሞ በኦም ለካው። 20 ዲግሪ ላይ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት።

የጃፓን ቪትዝ ይዛችሁ የስልክ መሣሪያው የማያነብላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከመሪው በታች ባለው የመፈተሻ ሶኬት ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ፒን በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቆጥርላችኋል። 22 የውኃ ሙቀት ነው፣ 12 እና 13 ክራንክ፣ 41 የነዳጅ መርገጫው ቫልቭ ሴንሰር። ብቻ 16ኛውን እንዳትነኩ፣ እሱ ቀጥታ የባትሪ ፖዘቲቭ ነው።

ገርጂ_ላቫጆ

ያሪስ_ኮተቤ፣ በቅርቡ ሞተር አሳጥበሃል? ላቫጆ ነው የምሠራው፣ ሰው «ሞተሩንም እጠበው» ሲለኝ ልቤ አይፈቅድም። በግፊት የሚመጣው ውኃ የሶኬቱን ጎማ አልፎ ይገባል። እኛ ጋ ሳይታጠብ ደህና የነበረ መኪና ታጥቦ ቼክ ኢንጂን ያበራው ብዙ ነው። ግድ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ማስጠረግ ይበቃል።

ሰሚት_ኮሮላ

ተገኘ! ዝርዝሩን ልጻፍላችሁ፣ ለሌላ ሰውም ይጠቅማል።

ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ልጅ ነው፣ ግን ጠንቃቃ። መጀመሪያ እንዳላችሁት እስክትጠፋ ድረስ አብረን ነዳን። ልክ እንደጠፋች ዳር ይዘን ባትሪውን ፈታ። ሴንሰሩ ላይ 2780 አካባቢ አነበበ፣ ደህና ነው። ከዚያ መሳቢያውን ፈትቶ ኮምፒውተሩ ጋ ለካ። ምንም። ቴስተሩ ባዶ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ቴስተሩን ይዤ እሱ ከታች ሽቦውን እያወዛወዘ ሲመጣ ቁጥሩ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። የኤሲው ኮምፕሬሰር ጋ ሲደርስ ጮህኩ፣ እዚያ ሲነካው ነው የሚዘለው።

ጥቅሉን ሲፈታው ሽቦው ከላይ ምንም አይታይበትም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላስቲኩ ትንሽ አብለጭልጯል፣ የኮምፕሬሰሩ መያዣ ብረት ጠርዝ ላይ ሲፈገፈግ የኖረበት። በጣቱ ሲያጥፈው እዚያ ቦታ ላይ እንደ ስፓጌቲ ሟሸሸ፣ ውስጡ አጥንት የሌለው። ላስቲኩን ሲሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ሽቦውን ከብረቱ አርቆ ይይዘው የነበረው የፕላስቲክ ክሊፕስ የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። ቺንጋው አንድ ጊዜ ተቀይሮ ነበር፣ ያኔ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል።

ለጊዜው አገናኝቶ በናስትሮ ጠቅልሎልኛል፣ ነገ በደንብ እንሠራዋለን ብሏል። ከዚያ ወዲህ አልጠፋችም። ጋሼ፣ ነገ ምን እንዲያደርግ ልንገረው?

ሽቦ_ፈታሽ

እሰይ! ልጁ እጁ ይባረክ። ከብዙ ትልቅ ጋራዥ ይሻላል፣ ደንበኛው ሁኚ።

አሠራሩን በደንብ አንብቢለት፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። የተበላሸው ቦታ ላይ ብቻ ቆርጦ አያገናኝ። አረንጓዴው ላስቲኩ ውስጥ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል፣ ንጹሕ ቀይ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ ይቁረጥና መሃሉ ላይ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አዲስ ሽቦ ያስገባ። በእጅ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለሴንሰር ሽቦ አይሆንም፤ ናስትሮው በሞተር ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ ይፈታል፣ እርጥበት ይገባል። በፒንሳ የሚጨመቅ ማገናኛ ተጠቅሞ ከላዩ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሰው፣ ውስጡ ሙጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በብየዳም ይሆናል፣ ግን የተበየደው ቦታ ስለሚደርቅ ከጎኑ እንዳይታጠፍና እንዳይንቀጠቀጥ በደንብ ይታሰር። የሁለቱ ሽቦዎች መገናኛ ጎን ለጎን አይሁን፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይሁን።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው። እነዚህ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው፣ በላያቸው ላይም የብረት መከለያ አለ። ያ ለጌጥ አይደለም። የሴንሰሩ ሞገድ ትንሽ ነው፣ አጠገቡ ዳይናሞና ኮይል አሉ፣ የነሱ ጫጫታ ገብቶ ሊረብሸው ይችላል። መከለያው ጫጫታውን ይይዝና ወደ ማሳ፣ ማለት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መስመር፣ ያወርደዋል። ስለዚህ አዲሱም ሽቦ ይጠማዘዝ፣ መከለያውም ይቀጠል። መከለያው ማሳ የሚይዘው በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ነው፣ በሴንሰሩ በኩል ከብረት ጋር እንዳያያይዘው። የክሊፕሱን ቦታ በፋሸታ አስሮ ሽቦውን ከብረቱ ያርቀው፣ ለሞተሩ መንቀጥቀጥ ትንሽ ልል ይተውለት። ሲጨርስ ኮዱ ይጥፋና እንደገና እስክትሞቅ ተነድታ ትታይ።

ጥቁር_ዘይት

የክራንኩ ሽቦ መከለያ እንዳለው አላውቅም ነበር ጋሼ፣ ተምሬያለሁ። አንድ ልጠይቅ፤ የማይገናኙ ሁለት ሦስት ሴንሰሮች በአንዴ ኮድ ሲሰጡስ? አንድ ሂሉክስ እንዲህ ሆኖብናል፣ ሁሉንም ሴንሰር ቀይረን እንሞክር እየተባለ ነው።

ሽቦ_ፈታሽ

አትቀይሩ! ብዙ ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። የጋራ ነገር ፈልጉ። አንደኛው የጋራ ነገር ማሳ ነው፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚያካፍለው 5 ቮልት። ሦስት ሽቦ ካላቸው አንዱን ነቅላችሁ ቁልፍ ከፍታችሁ ለኩ፣ በአንደኛው ፒን ላይ 5 ቮልት መኖር አለበት። ከሌለ ቴስተሩን እዚያው ትታችሁ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሌሎች ሴንሰሮች አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱን ስትነቅሉ 5 ቮልቱ ተመልሶ ከመጣ እሱ ነው ውስጡ ተያይዞ ሁሉንም የገደለው። ሁሉም ተነቅሎ ካልመጣ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል ወይም ተበጥሷል። ማሳውን ደግሞ በኦም አትመኑ፣ አንዲት ክር ብትቀርም ኦሙ ደህና ይላል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ኤሲ በርቶ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ያለውን በቮልት ለኩ። 0.1 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ግማሽ ቮልት ካገኛችሁ የማሳውን ገመድ ፈትታችሁ አጽዱ።

ቨርጂኒያ_ሹፌር

አይጥንም አትርሱ፣ ግቢ ውስጥ ለብዙ ቀን የቆመ መኪና ካላችሁ። እዚህ በብርድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተኝተው ሽቦ ይቆረጥማሉ። ሆንዳ ቃሪያ የሚያቃጥለው ነገር የተቀባበት ናስትሮ ለዚሁ ብሎ ይሸጣል፣ እኔ ጥቅሉ ላይ አድርጌበታለሁ። ኮፈን ስትከፍቱ የተቆራረጠ ላስቲክ ወይም የአይጥ ኩስ ካያችሁ ከኮዱ በፊት ሽቦውን በዓይናችሁ ተከተሉ።

ያሪስ_ኮተቤ

ጋሼ፣ ሞከርኩት። ሁለቱን ፒን ሳገናኝ ወዲያው 140 አለ! ሴንሰሩን ደግሞ ስለካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ 2400 ኦም ነው። እና ሁለቱም ደህና ከሆኑ ችግሩ የት ነው?

ሽቦ_ፈታሽ

ሽቦው ደህና፣ ሴንሰሩ ደህና ከሆነ የቀረህ የሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። የሶኬቱን ውስጥ በስልክህ መብራት እየው። ፒኑ ወደ ኋላ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሴቴው ሰፍቶ ወንዱን አይጨብጠውም። የሴንሰሩን ፒን የምታህል ቀጭን ብረት ወደ እያንዳንዱ ቀዳዳ አስገባና ሳብ፣ ትንሽ መያዝ አለበት። ልል የሆነውን ከሶኬቱ አስወጥተህ በቀስታ አጥብበው፣ አረንጓዴ ካለው በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጥበው አድርቀው፣ የሶኬቱ ጎማ ከተቀደደ ቀይረው። ሶኬቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ሶማሌ ተራ ከተፈታ ያሪስ ላይ ከነሽቦው ቆርጠው ይሸጡልሃል፣ አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ እንዲተዉለት ንገራቸው።

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ

አለ፣ ብዙ ነው። የውኃ ሙቀቱን ሶኬት ፎቶ አንስተህ ይዘህ ና፣ በፒኑ ቅርጽ እናመሳስለዋለን።